የክረምት ንባቤ በጀት 760 ገጽ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደሴ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ እይዛለሁ። ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ ስቆጥር ነው የምውለው። ባለፈው ቅዳሜ ለክረምት ይነበቡ ብላችሁ የሃያ መጻሕፍት ስም አውጥታችሁ ነበር። ቆርጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሲያየው ሳቀ። «እማ፣ አምናም እኮ ለጥፈሽ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። አምና አሥራ አራት መጻሕፍት ዘርዝሬ ነበር። መስከረም ሲያልቅ የጨረስኩት ሦስት ነው። አራተኛው ውስጥ ገጽ 61 ላይ የሻይ ደረሰኝ አስገብቼ ትቼዋለሁ፤ ደረሰኙ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ያኔ ተናድጄ አሥራ አራቱን መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ገጻቸውን ደመርኩ። 3,920 ገጽ! ሱቃችን ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ያለ በጀት ይዞ ቢመጣብኝ አባርረዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ዝም ብዬ ፈርሜያለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመጽሐፍ ስም አልጀመርኩም። ከቀን ጀመርኩ።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። የሰኔ 5 ቀን፣ ሐምሌና ነሐሴ 60፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 25። ድምሩ 95 ቀን ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ጉዱ ያለው ግን ውስጡ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በእነዚያ አምስት ቀናት እኔ የዕቃ ቆጠራ ላይ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የራሴን ድምፅ እንኳን አልሰማም። ለንባብ ዜሮ። ሐምሌ የትናንሽ ነጋዴዎች ግብር መክፈያ ስለሆነ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዘመድ ዘመዱ «አንቺ ታውቂያለሽ» እያለ ደረሰኙን በፌስታል ይዞብኝ ይመጣል። ማታ ከአሥር ገጽ በላይ አልሄድም። 300 ገጽ። ነሐሴ ከገባ እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴው ከሰዓት ነው፣ ሲመሽ ይደክመኛል። አሁንም በቀን አሥር፣ 150 ገጽ። ከፍስኩ በኋላ ያለው አሥራ አምስት ቀን የዓመቱ ምርጥ ጊዜዬ ነው። ሥራ ቀዝቅዟል፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ይቆማል፣ የት ይኬዳል? በቀን ሃያ ገጽ፣ 300። ጳጉሜን ቤት ማጽዳት ነው፤ ዜሮ። ከመስከረም የበዓሉንና የትምህርት ቤት ምዝገባውን አምስት ቀን ቀንሼ ሃያ ቀን በአሥር አሥር፣ 200።

ድምር 950 ገጽ። ከዚያ ላይ ለመብራት መጥፋትና ለድንገተኛ እንግዳ ሃያ በመቶ ቀነስኩ። መጠባበቂያ የሌለው በጀት በጀት አይደለም። የቀረኝ 760 ገጽ ነው። ክረምቴ በሙሉ ይኸው ነው።

ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ አዘንኩ፤ ቆይቶ ቀለለኝ። አሁን ፍሪጁ ላይ ያሉት ሃያ መጻሕፍት አይገላምጡኝም። ሃያውንም የሚያነብ ሰው ካለ እግዜር ይባርከው፤ ግብር የሚሠራለት ሌላ ሰው አለው ማለት ነው።

ከ760ው ትልቁን ድርሻ የወሰደችው እናቴ ናት። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ዓይኗ ከደከመ አራት ዓመቱ ነው። ድሮም ቢሆን ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም በግድ። መጽሐፍ መስማት ግን ትወዳለች። ይህንን ያስተማራት ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ ሬዲዮ የነበረን እኛ ነን። እማዬ ቡናውን ቀድማ አፍልታ ትጨርስና ሙቀጫው እንዳይንኳኳ ትደብቀዋለች። ልጅ ያስነጠሰ እንደሆነ ወዮለት።

አሁን ወጋየሁ የለም፤ ያንኑ መጽሐፍ እኔ ነኝ የማነብላት። ድምፄ አይመጥናትም። «አንቺ እንደ ደረሰኝ ነው የምታነቢው» ትለኛለች። ግን ትሰማለች። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ጮክ ብሎ ሲነበብ አሥር ገጽ አንድ ሙሉ ምሽት ይበላል፤ ምክንያቱም እማዬ ታቋርጠኛለች። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እያበጠሩ ሲመልሱ አንዴ ጋቢዋን ጥላ ተነሳች። «ይበቃኛል፣ ዝጊው» አለች። በማግስቱ ማታ ደግሞ «እሺ፣ ሰብለ ምን ሆነች?» አለችኝ፤ ታሪኩን እንደማታውቅ ሆና! ጉዱ ካሣ ሲመጣ ግን አንድም ቃል አታስዘልለኝም። «እብድ ያሉት እኮ እውነቱን ስለተናገረ ነው» ትላለች። ከዚያ የሰፈራችንን አንድ ሰው ታነሳለች፤ የዚያ ሰው ታሪክ ደግሞ ከመጽሐፉ ይረዝማል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ነው። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምናነበው። እናንተ ባወጣችሁት ዝርዝር ላይ ሃያውም አዲስ መጻሕፍት ናቸው። አዲስ መጽሐፍ ይነበብ፣ ደራሲም ይብላ፤ አልቃወምም። ግን የክረምት ዝርዝር ውስጥ አንድ የተነበበ መጽሐፍ ለምን አይገባም? እኔ በሃያ ዓመቴ ሳነበው ያለቀስኩት ለሰብለ ፍቅረኛ ለበዛብህ ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቴ ደግሞ ልጁ ርቆባት የምትጠብቀዋን እናቱን ሳስብ ነው ጉሮሮዬ የሚያዘኝ። ለንግግር ብዬ ሳይሆን፣ እውነት ሌላ መጽሐፍ ሆኖብኛል።

የቀረኝ 200 ገጽ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዷ ቀጭን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ናት፤ በ1900 ሮም የታተመችው፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንላት። ስትታተም ስሟ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ ልብ ወለድ የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ስም ነው። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስማር ለፈተና ብለን ስሟንና ዓመቷን ሸምድደናል፤ ውስጧን ግን ያየ አልነበረም። ይህን ዕዳ ዘንድሮ እዘጋዋለሁ። በሐምሌ፣ ደረሰኝ ሲያዞረኝ፣ ለብቻዬ የማነባት እሷን ነው።

የመጨረሻው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰውዬ። የሚስበኝ ግን ሕገ መንግሥቱ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስትርም ነበሩ። የአገር ሂሳብ የያዘ ሰው ስለ ራሱ ምን ይጽፋል? ይህ ጥያቄ እንደኔ ሚስማር የሚቆጥር ሰውን ነው የሚያጓጓው። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ክረምቱ አይበቃውም። በሂሳብ ቋንቋ ወደሚቀጥለው ዘመን ይዞራል። መስከረም 26 መጸው ሲገባ እቀጥለዋለሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ስልኩ ላይ በፒዲኤፍ ላውርድልሽ አለኝ። የሞቱትንም፣ ያሉትንም፣ ትናንት የታተሙትንም በነፃ አሳየኝ። ተጣላን። ደራሲው ማተሚያ ቤት የከፈለውን ማን ይመልስለታል? እሱ ደግሞ «መጽሐፉ እዚህ የት ይገኛል፣ ዋጋውስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ ያጣሁበት ምክንያት አለኝ። አምና አንድ መጽሐፍ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ በስልክ አዝዤ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ለሾፌሩ ረዳት ከፈልኩ፣ ለባጃጅ ከፈልኩ፣ በጭቃ ተመላለስኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በዚያ በምወደው አሥራ አምስት ቀን፣ ገጽ 128 ላይ ደረስኩ። ገልጬ ሳይ ቀጥሎ ያለው 145 ነው። 16 ገጽ የለም። ሲጠረዝ አንድ ፎርማ፣ ማለትም አብሮ የሚታጠፍ የገጾች ጥራዝ፣ ተዘሏል ማለት ነው። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ሌላውም እንደዚያው ሊሆን ይችላል» አለኝ፤ እንዲያውም አጽናናኝ። የመጽሐፉን ስም አልጽፍም፤ ደራሲው ምን አደረገ? ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፍ ስገዛ እዚያው ቆሜ የገጽ ቁጥር እቆጥራለሁ። ሻጮች በጎሪጥ ያዩኛል፤ ይዩኝ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መጽሐፍ ስታስተዋውቁ ታሪኩን አሳጥራችሁ ትነግሩናላችሁ። ደራሲው የት እንደተወለደም ትጽፋላችሁ፤ ደግ። የምለምናችሁ አራት ቃል ጨምሩልን ነው። ስንት ገጽ ነው? ዋጋው ስንት ነው? ፊደሉ ደቃቅ ነው ወይስ ደህና? ከአዲስ አበባ ውጭ የት ይገኛል? ፊደሉን ቀልድ አታድርጉብኝ። የማነበው በፕላስ 2.5 መነጽር ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ በስልክ ባትሪ። ወጪ ለመቀነስ ብለው ፊደሉን የሚያሳንሱ አሳታሚዎች አሉ። 200 ገጽ የተባለው መጽሐፍ እኔ ዘንድ 300 ነው፤ በጀቴን ያፈርሰዋል።

ደግሞ አንድ ነገር። ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚመቸውን ጠቁሙን። ሁሉም አይመችም። ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ገጽ የሚሆን ደራሲ አለ፤ እኔ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እማዬ እንቅልፍ ይወስዳታል። አንዳንዱ ደግሞ በዓይን ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ይጣፍጣል። ቤቱ ውስጥ የሚያነብለት ሰው የሚፈልግ አዛውንት ያለው ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎረቤቴ እስላም ናት፤ አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። እሷም ምን ላንብብላቸው ብላ ትጠይቀኛለች። ጉዱ ካሣን አዋስሻለሁ ብያታለሁ፤ እኛ ስንጨርስ፣ ማለትም መስከረም ላይ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰኔ 19 ማታ ነው። በዕቅዱ መሠረት ንባቡ ሊጀመር አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ግን ትናንት ዝናቡ ቀድሞ ወረደ፣ መብራትም አልሄደም። እማዬ ምድጃው አጠገብ ጋቢዋን ደርባ ተቀመጠችና «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። በጀት አስረዳኋት። «እኔ ሰኔ 26 እስኪደርስ ምን አውቃለሁ» አለች። አሥራ አንድ ገጽ አነበብን። ከየትኛው ሂሳብ እንደምቀንሰው ገና አልወሰንኩም።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ