ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የሐይቁ ዳርቻ ለእግረኛ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት የምትገኘውን የቫርካላን የባሕር ዳርቻ ጎብኝቼ ስመለስ፣ ከተማችን ልትወስደው የሚገባትንም ልትጠነቀቅበት የሚገባትንም ነገር እዚያ በማየቴ ይህን ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ።

ቫርካላ ከአረቢያ ባሕር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ በቆመ ቀይ ገደል የታወቀች፣ ጥድፊያ የሌለባት ከተማ ናት። አሸዋው ከገደሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ሰው በገደሉ አናት ባለው ጠባብ የእግር መንገድ ሲንሸራሸር ቆይቶ ሲያሻው በደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ፓፓናሳም በተባለው ዳርቻ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ለሞቱ ዘመዶቻቸው ሥርዓት ሲፈጽሙ፣ ጎብኚው ጥቂት ራቅ ብሎ ይዋኛል፤ «ካልከፈልክ አትገባም» የሚለው የለም። ከገደሉ ውበት ይልቅ እኔን ያስቀናኝ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ገደሉ ከላይ ላተራይት የሚባል ቀይ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ አሸዋማና ሸክላማ ንጣፍ በመሆኑ፣ ከታች ማዕበሉ ሲቦረቡረው፣ ከላይ የዝናብ ውኃና ፍሳሽ ሲሰርግበት ይናዳል። ምግብ ቤቶችና ሱቆች ግን እስከ አፋፉ ተጠግተዋል። አንድ ቦታ ላይ የአጥር ምሰሶ ሥሩ ተንዶ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያው አጠገብ ደግሞ የአንድ ካፌ ወንበሮች ተደርድረው አይቻለሁ።

የእኛ ሐይቅ ማዕበል ገደሉን አይንድም፤ ችግሩ ሌላ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይዞት የሚመጣው ደለልም ሆነ ከዳርቻው የሚለቀቀው ፍሳሽ እዚያው ይቀራል፤ ውኃው ሲሞላም ወደ ከተማዋ ይገፋል፤ ለዚህም ነው የጎርፍ መከላከያው የተሠራው። በዚህ ላይ ዳርቻው ቁራጭ በቁራጭ ሲታጠር እግረኛው የሚሄድበት ያጣል። እኔ ራሴ በአንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ በር ላይ፣ «የምታዝ ከሆነ ግባ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ጥበቃው የታዘዘውን ስለፈጸመ በእሱ አልፈርድም።

ስለዚህ በሐይቁ ዳር ለአዲስ ግንባታ ቦታ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ተነሥቶ ፍቅር ሐይቅ እስከሚባለው የዳርቻ መዝናኛና ከዚያም ወዲያ የሚዘልቅ የእግረኛ መንገድ በፕላን ላይ ተከልሎ እንዲጸድቅ፣ ሕንፃ ከውኃው ምን ያህል መራቅ እንዳለበትም ለሕዝብ በግልጽ እንዲነገር እጠይቃለሁ። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚያራግፍበት፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚገፈፍበትና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊውን ቆሞ የሚጠብቅበት ሥፍራም ለማስዋብ ተብሎ እንዳይነሳ አደራ እላለሁ፤ ይልቁንስ ውኃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃና ንጹሕ መግፈፊያ ጠረጴዛ ቢሟላለት ጎብኚውም አጥማጁም ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ