ቸርኬው አሁንም ጥዱ ላይ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም። አባትህ ሲያርፉ ለቀብር አልደረስኩም። ከዚያ ወዲያ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ የቤተ ክርስቲያናችን ነገር ነው። ያቺ የጭቃ ቤት ጥር ላይ ልትፈርስ ነው። በቦታዋ የብሎኬት ቤት ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ጣሪያዋ ያፈሳል፣ አንዱ ግድግዳዋም ዘሟል። መፍረሷን አልተቃወምኩም።

ባለፈው እሑድ ከሰው ቀድሜ ሄድኩ። አባትህ በድንጋይ እየመቱ የሚጠሩን ያ የመኪና ቸርኬ አሁንም ጥዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ዝጓል። ድንጋዩ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ሙልጭ ብሎ ያበራል። አንዴ መታሁት። ያ የጠዋት ብርድ፣ ባና ለብሰን የምንሮጥበት ዳገት፣ ሁሉም መጣብኝ።

ከአምልኮ በኋላ ልጆቹን "ይህን ቤት ማን ሠራው?" አልኳቸው። "ፈረንጆች" አሉኝ። አንጀቴ አረረ። ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው።

ፈረንጅማ እዚሁ አንኮበር መጥቶ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም.፣ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እኛው አገር ተቀምጧል። በሉተራን ቤት ያደገ ሰው ነው። ንጉሡ ይበልጥ የፈለጉት ግን ጠመንጃና ባለ እጅ ነበር። ያን ጊዜ የታተመውን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስስ ማን ተረጎመው? አቡ ሩሚ የሚባሉ የጎጃም መነኩሴ፣ ካይሮ ላይ ዓመታት ፈጅተው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

የእኛዋ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ፣ በ1951 ዓ.ም. መመሥረቷንም አያውቁም። አባትህ ራዲዮኗን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብሥራተ ወንጌልን ሲሰሙ ትዝ ይልሃል? በ1955 የተከፈተ የሉተራኖች ጣቢያ ነበር፣ በ1969 ደርግ ወረሰው። ከዚያ በ1971 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። እኛ ሰፈርም ጸሎቱ በየቤቱ፣ በሹክሹክታ ሆነ። አባትህ መዝገቡን ገብስ ጎታ ውስጥ ቀብረው ያቆዩት ያኔ ነው።

የምለምንህ ያን መዝገብ ነው። አንተ ጋ መሆኑን እህትህ ነገረችኝ። አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። ከተጠማቂዎች ስም ቀጥሎ ቤቱ ሲሠራ ማን ምን እንዳመጣ ተጽፏል። "ሁለት ሸክም ማገር"። "አንድ ቀን ጭቃ"። ከማርያም ሰፈር በደቦ መጥተው ያቦኩልን ጎረቤቶችም አሉበት። በዚያ ዘመን ከእኛ ጋር መታየት ቀላል አልነበረም። እነሱ ግን መጡ። የእነሱም ልጆች ይህን ማየት አለባቸው።

ገጾቹን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ዋናውን ግን ራስህ ይዘህ ና። ሽማግሌዎቹ ቸርኬው አዲሱ ቤት ደጃፍ እንዲሰቀል ተስማምተዋል። ስትመጣ መጀመሪያ አባትህ መቃብር እንሄዳለን። ያን ቀን መቆም የነበረብኝ ቦታ ላይ አብሬህ ልቁም።

ለልጆቹ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ