የድሮ ሽጉጥ ፎቶ ስታወጡ ቁጥሩንም አብራችሁ አውጡልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በየቤቱ ከአያት ከቅድመ አያት ስለተወረሱ የድሮ መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እንዲ አይነት ነገር የሚጽፍልን ሰው ብዙ የለም። ግን አንድ ነገር አንገበገበኝና ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ፎቶው ላይ ያሉት ስድስት ጎራሾች፣ ማለት ሪቮልቨሮቹ፣ ስር "ከዓድዋ የተማረከ"፣ "የአርበኛ እገሌ የነበረ" እየተባለ ተጽፏል፣ ሴሪያል ቁጥራቸው፣ ማለት ፋብሪካው በእያንዳንዱ ላይ የሚመታው መለያ ቁጥር፣ ግን የአንዱም የለም፣ የፋብሪካው ስምም የለም፣ ፎቶውም የተነሳው ቁጥሩ በማይታይበት በኩል ነው። እንደዚ ሲሆን ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ማንም ሊያጣራው አይችልም፣ እውነት ከሆነ ደሞ የበለጠ ያሳዝናል ምክንያቱም ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ሳይረጋገጥ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ምኖረው አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው፣ እዚህ የጥንት ሪቮልቨር ታሪክ መከታተል ብዙ ሰው የሚወደው ነገር ነው፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ሰዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት "የማን ነበር" ብለው አይደለም፣ "ቁጥሩ ስንት ነው" ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ እኛን በሚነካ ታሪክ ላስረዳ።

ሐረር ሄዶ የሬምቦን ቤት ያላየ ጥቂት ነው። ይሄ ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ሬምቦ በፈረንጅ 1880 ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ በኋላ ወደ መሣሪያ ንግድ ገባ፣ በ1886 መጨረሻ ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነስቶ በ1887 ሸዋ ገባና ለምኒልክ ሸጠ፣ ያኔ ገና ንጉሥ ነበሩ። ይሄን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብዙ የማይወራው ግን ይሄው ሰውዬ ገና ልጅ እያለ ራሱ በሽጉጥ ተመቶ እንደነበር ነው። በሐምሌ 10 ቀን 1873 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ ጓደኛው ገጣሚው ፖል ቨርሌን ጠዋት ሞንቲኚ የሚባል የመሣሪያ ሱቅ ገብቶ 7 ሚሊሜትር ለፎሹ ሪቮልቨር ገዛ፣ በዛው ቀን ሁለት ጊዜ ተኩሶበት አንዷ ጥይት የግራ እጁን አንጓ መታችው። ቨርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ ሽጉጡ ደሞ ተመልሶ ወደ ሱቁ ገባ።

እንግዲ አስቡት፣ ለፎሹ በዛን ዘመን በብዛት የተሠራ፣ አውሮፓ ውስጥ የትም የሚገኝ ሽጉጥ ነው፣ መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው አንዱን ይዞ መጥቶ "ይሄ ሬምቦ የተመታበት ነው" ቢል ማን ያምነዋል? ማንም። ግን በዚኛው ላይ 14096 የሚል ቁጥር አለ፣ ያ ቁጥር ደሞ የሞንቲኚ ሱቅ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተገኘ። በቃ። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ሲወጣ የተገመተው ዋጋ 50 እና 60 ሺ ዩሮ አካባቢ ነበር፣ የተሸጠው ግን 434,500 ዩሮ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ብረቱ አይደለም፣ ብረቱማ ዝገት ያለበት ተራ ነገር ነው፣ ሱቅ ጠባቂው በብዕር የጻፋት ቁጥር ነች። እኔን ሁሌ የሚቆጨኝ ሬምቦ ራሱ ለኛ የሸጣቸው እነዛ ሁሉ ጠመንጃዎች በጅምላ እንጂ አንድ በአንድ በቁጥር አለመታወቃቸው ነው።

እዚህ አሜሪካ ደሞ ዝነኛው ምሳሌ ፓት ጋሬት የሚባለው የድሮ ሸሪፍ ኮልት ነው፣ ኮልት የአሜሪካ ሽጉጥ ፋብሪካ ነው። ጋሬት በሐምሌ 14 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ፎርት ሰምነር ውስጥ ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለውን ዝነኛ ወንበዴ የገደለበት፣ ሲንግል አክሽን የሚባለው የኮልት ሪቮልቨር ቁጥሩ 55093 ነው። እሱም ከፋብሪካ የገዛው አይደለም፣ ከጥቂት ወር በፊት በታኅሣሥ 1880 ስቲንኪንግ ስፕሪንግስ የሚባል ቦታ የቢሊን ቡድን ሲይዝ ቢሊ ዊልሰን ከሚባለው ልጅ ላይ የወሰደው ነው። በኋላ ኤል ፓሶ ከተማ መጠጥ ቤት ለነበረው ለቶም ፓወርስ ሰጠው፣ እሱም ቤቱ ውስጥ ለእይታ አስቀመጠው፣ ጋሬት በ1908 ተገደለ፣ ፓወርስም ሲሞት የጋሬት ሚስት "ባለቤቴ በውሰት ነው የሰጠው እንጂ አልሸጠውም" ብላ ከሰሰች፣ በ1934 አሸንፋ አስመለሰችው። ያ ክስ ነው እንግዲ የታሪኩ ምሰሶ የሆነው፣ በክርክሩ ጊዜ ሽጉጡ በወረቀት ላይ ገባ፣ ሰዎች ስለሱ መሰከሩ፣ ከዛ ከጋሬት ልጅ ወደ ሰብሳቢዎች እየተላለፈ ሲሄድ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ቦናምስ በሚባለው ጨረታ ቤት ሎስ አንጀለስ ላይ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዋጋውን የምጽፈው ገንዘቡን ለማጋነን አይደለም፣ በወረቀት የተደገፈ ታሪክ ምን ያህል እንደሚከበር እንድታዩት ነው።

ሰው ግን በጣም የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቁጥር አለ ማለት የባለቤቱ ስም ይገኛል ማለት አይደለም። ኮልት ኩባንያ ቁጥር ልከህ ከከፈልክ ከማኅደሩ ደብዳቤ ይጽፍልሃል፣ ሌላው የአሜሪካ ሽጉጥ ፋብሪካ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በታሪክ ፋውንዴሽኑ በኩል እንደዛው፣ ደብዳቤው ላይ የሚመጣው ግን አፈሙዙ ስንት ኢንች እንደነበር፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ኒኬል፣ እጀታው ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተላከ፣ ለማን እንደተላከ ነው፣ ያ "ለማን" ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ጅምላ ነጋዴ ነው፣ ኒው ዮርክ የነበሩት ሃርትሊ ኤንድ ግራሃም ወይም ሴንት ሉዊስ የነበሩት ሲመንስ ሃርድዌር አይነት ቤት። ከዛ በኋላ ያለውን ራስህ ነህ የምትፈልገው፣ የውርስ ዝርዝር፣ የፍርድ ቤት ፋይል፣ የሠራዊት መዝገብ፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ዕቃ በመያዣ ይዞ የሚያበድር ሱቅ ደረሰኝ። በነዚህ በአንዱ ላይ ያው ቁጥር ከወጣ ሰንሰለቱ ተያያዘ፣ ካልወጣ የፋብሪካው ደብዳቤ የትውልድ ቀን እንጂ የሕይወት ታሪክ አይሆንም። የኮልት ፋብሪካ ደሞ በየካቲት 1864 እ.ኤ.አ. ከባድ ቃጠሎ ደርሶበታል፣ ከነሲንግል አክሽን በፊት የነበሩት፣ ባሩዱና ካፕሱሉ ለየብቻ የሚሞላባቸው ሪቮልቨሮች መዝገብ ብዙ ክፍተት አለበት፣ ስለዚ የድሮ ነው ብለህ ስትደሰት መልስ ላታገኝ ትችላለህ።

ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አልገጠሙም ማለትም ሁሌ ማጭበርበር አይደለም። ሲንግል አክሽን ኮልት ላይ ያው ቁጥር በሦስት ቦታ ይመታል፣ በአካሉ ላይ፣ በቃታው መከለያ ላይ፣ ከኋላ በእጀታው ብረት ላይ። ሦስቱም አንድ ከሆኑ ጥሩ ነው። ግን የአሜሪካ ጦር ከ1895 ጀምሮ የፈረሰኞቹን ኮልቶች ሰብስቦ 7 ተኩል ኢንች የነበረውን አፈሙዝ ወደ 5 ተኩል ሲያሳጥራቸው ብዙዎቹን ፈታትቶ የማን ዕቃ የማን እንደሆነ ሳያይ መልሶ ገጠማቸው፣ ዛሬ እነዚህ ናቸው አርቲለሪ የሚባሉት፣ በአንዷ ላይ ሦስት የተለያየ ቁጥር ብታይ እንደውም ትክክለኛነቷን ነው የምታሳየው። በተቃራኒው ደሞ በሶቪየት ዘመን በየመሣሪያ ግምጃ ቤቱ የታደሱ ናጋን የሚባሉ የሩሲያ ሪቮልቨሮች አሉ፣ የድሮ ቁጥራቸው ተሰርዞ አዲስ ተመቶባቸው ሁሉም ገጣጣሚ ሆነው ታያቸዋለህ፣ ግን አንድ ላይ የተወለዱ አይደሉም። ስለዚ ቁጥሩን ከማየት ጋር ፊደሉ እንዴት እንደተመታ፣ ዙሪያው ተሞርዶ እንደሆነ፣ ከፋብሪካው የጊዜ አጻጻፍ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ማየት የግድ ነው። ኮልት ላይ "1871፣ 1872፣ 1875" የሚል ቀን አይታችሁ የተሠራበት ዓመት ነው እንዳትሉ፣ የፓተንት ቀን ነው፣ ይሄ ስህተት ጋዜጣም ላይ ሁሌ አየዋለሁ።

ወደኛ አገር ልመለስ። ከዓድዋ ተማረከ የተባለውን ሽጉጥ በተመለከተ ማጣራቱ ከሚመስላችሁ በላይ ቀላል ነው። በዛ ጊዜ የጣሊያን ጦር መደበኛ ሪቮልቨር ቦዴዮ ሞዴል 1889 ነው፣ 10.35 ሚሊሜትር፣ የመኮንኑ ቃታ መከለያ አለው፣ የተራ ወታደሩ ደሞ መከለያ የለውም፣ ቃታው የሚታጠፍ ነው። ከሱ በፊት የነበረው የ1874ቱም ገና በሥራ ላይ ነበር። ቦዴዮ ላይ ፋብሪካውና ዓመቱ ይመታል፣ ዓድዋ 1888 ዓ.ም. ማለት በፈረንጅ 1896 ነው፣ ስለዚ ሽጉጡ ላይ 1916 ወይም 1922 የሚል ከተገኘ አያት የዋሹት ነገር የለም፣ ምናልባት ከአምስቱ ዓመት ጦርነት የመጣ ነው፣ ትውልድ ሲቀባበለው ነው ዓድዋ የሆነው። እኔ በበኩሌ ይሄ የቤተሰቡን ክብር ዝቅ ያደርጋል ብዬ አላስብም፣ በአምስቱ ዓመት ዱር ቤቴ ያለ ሰው ከዓድዋ ዘማች የሚያንስበት ነገር የለም፣ ታሪኩ ግን የራሱ ቦታ ይሰጠው ነው የምለው። የቤልጅግ ሥራ የሆኑት ደሞ፣ ሊዬዥ ተመርምረው ያለፉት፣ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ ኤል ጂ የሚል ምልክት አላቸው፣ ከላዩ ዘውድ ካለበት ከ1893 ወዲህ ነው። የነሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባለቤት አያደርስም፣ ዘመን ለመገመት ግን ይበቃል።

መቅደላንም ሳላነሳ አላልፍም። ዓፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ መሆኑ ይታወቃል፣ ይሄ የታወቀው ደሞ የስጦታው ቃል ከነስማቸው ስለተቀረጸበት ነው። ከዛ በኋላ የተዘረፈው ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዕቃው በየመኮንኑ ቤት ተበታተነ። ስም ያልተቀረጸበት መሣሪያ ዛሬ ለንደን ጨረታ ላይ "ከአቢሲኒያ ዘመቻ" ተብሎ ሲወጣ እኛ ልንከራከርበት የምንችለው በቁጥርና በመዝገብ ብቻ ነው፣ ስለዚ የጨረታ ዜና ስትሠሩ እባካችሁ የዕቃውን ቁጥር ከካታሎጉ ላይ ገልብጣችሁ ጻፉት።

አንዳንድ ሰው ቁጥሩ በአደባባይ ከወጣ አስመሳይ ሠሪዎች ይጠቀሙበታል ብሎ ይፈራል። ፍራቻው እውነት ነው፣ የአሜሪካ ጦር ኮልት እየተባለ የሚሸጥ ፎርጅድ እዚህ ሞልቷል። በግለሰብ እጅ ላለው መጨረሻ ያሉትን ሁለት አሃዞች ሸፍናችሁ አውጡ፣ ሙሉውን እናንተ ፋይል ውስጥ ያዙት፣ ሙዚየም ውስጥ ላለው ግን ሙሉው ይውጣ፣ የሕዝብ ነው። ሙዚየሞቻችንም መግለጫ ካርዱ ላይ "የአርበኞች ሽጉጥ" ብቻ ብለው ከሚተዉት ፋብሪካውን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ቢጨምሩበት ውጭ ያለን ሰዎች እዚሁ ሆነን መዝገብ ልንፈልግላቸው እንችላለን፣ እኔ በግሌ ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው።

ቤተሰቦች ደሞ እባካችሁ ሽጉጡን በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት፣ ኒኬል አታስነክሩት፣ እሱ ሲደረግ ነው ቁጥሩና ምልክቱ የሚጠፋው። መጀመሪያ መሣሪያ የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ጥይት እንደሌለበት ያረጋግጥ፣ የድሮ ሪቮልቨር ውስጥ ተረስቶ የቀረ ጥይት ሰው ይገድላል። ከዛ ከእጀታው ስር፣ ከአካሉ ሁለቱም ጎን፣ ጥይቱ ከሚገባበት ከተሽከርካሪው ላይ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ሽማግሌዎቹ ገና በሕይወት እያሉ "ይሄ ቁጥሩ ይሄ የሆነ ሽጉጥ ከእገሌ ለእገሌ በዚህ ዓመት ተላለፈ" ብላችሁ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ቁጥር የሌለበት የምስክር ወረቀት ለየትኛውም ሽጉጥ ይሆናል፣ ዋጋ የለውም። የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ ወረቀት ካለ ደሞ እንዳትጥሉት፣ እሱ ላይ ቁጥሩ ከነባለቤቱ ስም ነው የሚጻፈው፣ ከሽጉጡም በላይ ነው።

እናንተም ያንን ጽሑፍ የሠራው ጋዜጠኛ የሰዎቹ ስልክ ስላለው ደውሎ ቁጥሮቹን ጠይቆ ተከታይ ጽሑፍ ቢያወጣልን በጣም ነው የማመሰግነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ