ወይራው ምን በደላችሁ?

ይድረስ የከተማችንን አረንጓዴ ቦታዎች ለሚመሩት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ማመልከቻም አስገብቻለሁ። «ይታያል» ተባልኩ። ማን እንደሚያየው ስላልነገሩኝ እስቲ ሕዝብ ይየው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩን ያውቁታል። በሰፈራችን አስፋልት ዳር ጎረቤቱ ተባብሮ ያበቀላቸው ተክሎች ነበሩ። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ለአጥር ደግሞ አጋም። ወይራዎቹ ወገብ ደርሰው ነበር። አንዲት እናታችን የእህል እጣቢ እያጠራቀሙ ነው ያሳደጓቸው፤ ቧንቧው ሲጠፋ እንኳ አልተቋረጠባቸውም። አንድ ጠዋት ሠራተኞችዎ ዶማ ይዘው መጡ። «ኧረ ችግኝ ነው!» ስንላቸው «ቁጥቋጦ አጽዱ ተብለናል» አሉን። በልጆቹ አልፈርድም፣ ታዘው ነው። እናታችን ከተነቀሉት አንዱን ከነአፈሩ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። አልጸደቀም።

በምትኩ ምን ተተከለ? ምንጣፍ ሳርና የፈረንጅ ጽድ። የሀበሻው ጽድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ቆሞ እያለ የፈረንጁን!

ክረምት ላይማ ሁሉም ያምራል። ጎንደር ግን ከጥቅምት በኋላ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። ሳሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር ቦቴ መጣ። እኛ ጀሪካን ደርድረን ወረፋ እንጠብቃለን፣ ቦቴው ፊታችን ቆሞ ሳር ያጠጣል። ይህን ትርኢት ያሰበውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ወይራ እኮ አንዴ ሥር ከያዘ ውሃ ስጡኝ አይልም። ቢከረከም አጥር፣ ቢተው ጥላ ነው። ሌላው ቢቀር ጋን ይታጠንበታል።

ሀገር በቀል የሆነ ሁሉ የትም ይተከል አላልኩም። ዋርካና ሾላ አስፋልት ዳር መትከል እብደት ነው፤ ሥራቸው ግንብን ምን እንደሚያደርግ ፋሲል መዋኛ ሄደው ይዩት። ለእነሱ ሰፊ ሜዳ ነው። ተዳፋቱ ላይ ክትክታና ሬት አፈር ይይዛሉ። ለአደባባዩ ቀጋ አለ፣ የሀገራችን የራሷ ጽጌረዳ። አደይ አበባማ ማንም ሳያጠጣው መስከረም ላይ ይፈነዳል፣ ሳያብብ ካላጨዳችሁት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚነካን የአካባቢ ሥራ ላይ ሐሳባችንን የመግለጽ መብት እንዳለን ይላል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ብቻ እኛን የጠየቀን የለም።

የተነቀሉት ይተኩልን። ክረምት ሳይገባ ጉድጓዱን እኛው እንቆፍራለን፣ ችግኙንም እኛው እናመጣለን። ከእርስዎ የምንፈልገው ዶማ የያዘ ሰው ዳግም እንዳይመጣብን በፊርማዎ የወጣ አንድ ወረቀት ነው።

የሰፈሩ ነዋሪ
ጎንደር