ደብዳቤ ለልጄ፦ ከስትሮክ በኋላ የእጅ ልምምድ በቪዲዮ ወይስ በአካል?

ውድ ልጄ፣

«አማቴ የእጃቸውን ልምምድ ቤት ሆነው በቪዲዮ ቢሠሩ ይጎዳሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አይጎዱም። ግን አስቀድሞ መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት የፈተነ ጥናት በ2019 ጃማ ኒውሮሎጂ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። አሜሪካ ውስጥ በ11 ማዕከላት 124 የስትሮክ ታካሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ክሊኒክ እየተመላለሰ፣ ሌላው ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተርና በቪዲዮ ሠራ። ለሁለቱም የተሰጠው እኩል ነው፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ 36 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 70 ደቂቃ። ፉግል-ማየር በሚባለው ከ66 ነጥብ በሚሰጥ የእጅ እንቅስቃሴ መለኪያ ክሊኒክ የሄዱት በአማካይ 8.36፣ ቤት የሠሩት 7.86 ነጥብ ጨመሩ። እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለም።

ከ36ቱ ጊዜ ባለሙያ የተከታተለው ግን 18ቱን ብቻ ነው። ቀሪውን በሁለቱም ወገን ታካሚዎቹ ለብቻቸው ሠርተውታል። እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ክሊኒክ መሄድ በራሱ ብዙ ልምምድ ማለት አይደለም፤ በተለመዱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዎች ታካሚው ስትሮኩ ባደከመው እጁ ዕቃ እየያዘ የሚሠራው እንቅስቃሴ ተቆጥሮ በአንድ ቀጠሮ በአማካይ ወደ 32 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ደግሞም ጥናቱ የወሰደው ነጥባቸው ከ22 እስከ 56 የነበሩትን፣ ማለትም እጃቸው በከፊል የሚታዘዝላቸውን ነው። ጨርሶ ለማይንቀሳቀስ እጅ ይህን ውጤት ማስረጃ አታድርጊው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር፣ ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ በአካል ይመርምራቸው። በትከሻቸው ጫፍና በክንዳቸው አጥንት መካከል ክፍተት መፈጠሩን በጣቱ ዳስሶ ያውቃል። ክርናቸውን አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ፈጠን አድርጎ ሲዘረጋው ጡንቻው ምን ያህል እንደሚገትር እጁ ላይ ይሰማዋል። ዓይናቸውን አስጨፍኖ ጣታቸው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የታጠፈው ብሎ ይጠይቃቸዋል። ክፍተትም ሆነ ግትርነት በስክሪን አይዳሰስም።

ሁለተኛው ካሜራው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ ልምምዱ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ታካሚዋ ኩባያ ለመንካት ሲዘረጉ ጀርባቸው ከወንበሩ መደገፊያ ይላቀቃል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፣ ክርናቸው ግን እንደታጠፈ ይቀራል። ኩባያው ተነክቷል። ከፊት ለሚያይ የተሳካ ይመስላል፤ የሠራው ግን ወገብ እንጂ ክንድ አይደለም። እንዲህ 100 ጊዜ ቢደጋገም የሚለመደው ማጎንበስ ነው።

ስለዚህ ስልኩን በደከመው እጅ በኩል፣ ትንሽ ወደፊት ገባ ብሎ፣ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ በትከሻ ከፍታ አቁሚው። ከዳሌያቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ይታይ። መስኮቱ ከስልኩ ጀርባ ይሁን፤ ከእሳቸው ጀርባ ከሆነ እጃቸው ጥላ ብቻ ይሆናል። ጀርባቸው አሁንም ከተላቀቀ ኩባያውን ወደ እሳቸው አቅርቢው፤ ክርናቸው በራሱ ሲዘረጋ ብቻ 2 ሴንቲሜትር እየጨመርሽ አርቂው። ባለሙያው ከፈቀደ፣ አንቺም አጠገባቸው ካለሽ፣ ደረታቸውን በሰፊ ሻርፕ ትንፋሽ በማይከለክል መጠን ከመደገፊያው ጋር ማሰር ይቻላል።

መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ሁለቱም እግሮች መሬት የረገጡ፣ ጠረጴዛው ክርን ድረስ ይሁን። በፎጣ ላይ እጅን ወደፊት በማንሸራተት ይጀምሩ፤ 10 ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ እንደገና 10። ቀጥሎ ባዶ ኩባያ ይዞ ማንሳትና መልቀቅ ነው። ከመያዝ ይልቅ መልቀቅ ይከብዳል። ጣቶቻቸው ጨብጠው አልከፈት ካሉ ጫፋቸውን ይዘሽ አትጎትቺ፤ የእጃቸውን አንጓ ቀስ ብለሽ ወደ መዳፍ በኩል አጥፊው፣ ጣቶቹ ላላ ይላሉ፤ ከዚያ አውራ ጣትን ከሥሩ ይዘሽ ክፈቺ። እየደጋገመ ከጨበጠ ደክሟል ማለት ነው፤ አርፈው ይቀጥሉ።

አደራ፣ ከወንበር ስታስነሻቸው የደከመውን እጅ አትሳቢ፣ በብብታቸው ሥርም ገብተሽ አታንሺያቸው። ያ ትከሻ ጡንቻው ስላልያዘው በቀላሉ ይጎዳል። በገመድና በመዘውር እጅን ከራስ በላይ የሚያወጣ መሣሪያም አይገዛ፤ ትከሻ ያሳምማል። የዳሰሳ ስሜታቸው ከቀነሰ የውሃውን ሙቀት በጤነኛው እጅ ይለኩ።

ለውጡን በግምት አትከታተሉ። ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን አድርጊ፣ መሀላቸው 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ክፋይ ይኑር፤ 2.5 ሴንቲሜትር ጎን ያላቸውን ትናንሽ የእንጨት ኩቦች በ60 ሰከንድ አንድ በአንድ ስንቱን አሻገሩ? በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት ቆጥረሽ መዝግቢ። ቁጥሩ ለሦስት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ በቪዲዮ ብቻ አትቀጥሉ፣ በአካል ይታዩ። ትከሻቸው ሌሊት ካመማቸው፣ ወይም እጃቸው ካበጠና ከሞቀ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ አንደበታቸው ከተያዘ ወይም እጃቸው ወይም እግራቸው እንደ አዲስ ከዛለ ግን ልምምዱን አቋርጠሽ አምቡላንስ ጥሪ።

የመጀመሪያውን ልምምድ ቀርጸሽ ላኪልኝ። ከጎን ይሁን፣ ዳሌያቸውም ይታይ።

እናትሽ