ለጣና የሚመጥን የእምቦጭ ሙከራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ ተነቅሏል፣ በማሽን ታጭዷል፤ ያጠፉታል የተባሉ ጢንዚዛዎችና ፈሳሾችም ቀርበዋል። የትኛው ዘዴ፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ዳርቻ እንደሚሠራ ግን ዛሬም የምንከራከረው ይበልጡን በግምት ነው።

በገንዳ የሚደረግ ሙከራ የውኃውን ሙቀትና የጢንዚዛውን ቁጥር እንደፈለጉ ለመወሰን ስለሚያስችል ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በገንዳ ውስጥ ማዕበል የለም፤ ከርብና ከጉማራ ወንዞች የሚወርድ ደለል አይገባም፤ በጭቃ ተቀብሮ ለዓመታት የመብቀል አቅሙን የሚጠብቅ ዘርም የለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ የተለቀቁት ጢንዚዛዎች፣ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘውና ሌሊቱ በሚቀዘቅዘው ጣና ምን ያህል እንደሚራቡ የሞቀ ገንዳ አይነግረንም።

ስለዚህ ቀጣዩ እርከን በሐይቁ ዳር በመረብ የታጠሩ ጥንድ ጥንድ መደቦች ይሁኑ፤ ዘዴው የሚሞከርበትን ዕጣ ይወስን፣ ሌላው ሳይነካ ይቆይ። ውኃው ሲሸሽ አረሙ በራሱ ጊዜም ይደርቃልና ያለ ማነጻጸሪያ የሚመዘገብ ውጤት ያሳስታል። ልኬቱም ከላይ በሚታየው አረንጓዴ መወሰን የለበትም፤ ከእያንዳንዱ መደብ እኩል ስፋት ያለው አረም ተነቅሎ፣ ውኃው እኩል ደቂቃ ተንጠፍጥፎ ይመዘን። አረሙ ብርሃን ከልክሏቸው የነበሩት የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ማገገማቸውና በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ይታይ፤ ሞቶ የሰመጠ እምቦጭ ሲበሰብስ ለዓሣው የሚሆነውን ኦክስጅን ይጨርሳልና።

ይህን እርከን ያለፈ ዘዴ በአንድ ሙሉ የሐይቁ ወሽመጥ ይሞከር። በዚህ መጠን ብዙ ድግግሞሽ ማድረግ ስለማይቻል፣ ከሙከራው በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መለካትና ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ወሽመጥ ጎን ለጎን መከታተል ግድ ይላል፤ አለዚያ አረሙን ዘዴው አጠፋው ወይስ ነፋስ ወደ ሌላ ዳር ገፋው የሚለው አይለይም። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አረሙ ሲመናመን ይበልጥ የሠሩት ጢንዚዛዎቹ ናቸው ወይስ የ1997/98ቱ የኤልኒኞ ዝናብና ደመና የሚለው ክርክር ሊቃውንትን ለዓመታት ሲያነጋግር የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዘመቻ በጀት የሚመድቡ አካላት ከሚቀጥለው ዘመቻ በፊት በደንቢያና በፎገራ ዳርቻዎች ሳይነኩ የሚቆዩ ቦታዎችን ከገበሬው ጋር ተስማምተው እንዲለዩ፣ በዚህ ምክንያት ለሚያጣው የግጦሽና የባሕር ሽሽት መሬትም ካሳ እንዲይዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።