ልጆቹን የአባዬ ቀፎ ጋ ውሰጃቸው

ይድረስ ለውድ እህቴ ለትዕግሥት፣

እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብሩን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ለአባዬ እግር ነው። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ መውደቁን ከሌላ ሰው መስማቴ አንጀቴን አሳርሮታል። "እንዳትጨነቂ ብለን ነው" አትበይኝ። ሩቅ ያለ ሰው የባሰ የሚጨነቀው ሲደብቁት ነው። እኔም ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የኬጂ ልጆችሽ ነፍሳት ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ፣ በጫማ ይረግጣሉ ያልሽው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ያለ ነው። በፈረንጆቹ 2021 ሲካዳ የሚሏቸው ነፍሳት ከመሬት ወጡ። 17 ዓመት ሙሉ የዛፍ ሥር እየመጠጡ ይቆዩና በአንድ ሰሞን ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። ዓይናቸው ቀይ ነው እንጂ አይናደፉም። የምሠራበት የሕፃናት መዋያ በለቅሶ ተናጋ። አንዲት ልጅ ግን ገልፈው የጣሉትን ቅርፊት አንስታ ሹራቧ ላይ እንደ ጌጥ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እግር ቆጣሪ ሆነ። ስድስት! ሸረሪት ሲያገኙ ስምንት ሆነባቸውና "ይሄ ከነሱ አይደለም" አሉ። በቃ፣ ትምህርቱ ገባቸው።

አንቺ ደግሞ የአባዬ ቀፎ አለልሽ። ራቅ ብለው፣ ከጎን በኩል ይቁሙ፤ የንቦቹን መንገድ አይዝጉ። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ውስጥ ገብታ ወገቧን እያወዛወዘች ለጓደኞቿ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግራለች። ይህን የደረሰበት ካርል ፎን ፍሪሽ በፈረንጆቹ 1973 ኖቤል ተሸልሟል። አንቺ ግቢው ውስጥ አበባ ደብቂና ለአንድ ልጅ ብቻ አሳዪው። እሱ ለሌሎቹ በእስክስታ ይንገራቸው። አበባው ሩቅ ከሆነ ውዝዋዜውን ያስረዝመው። ከዚያ አባዬ፣ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት የሚባለውን ያውራላቸው። እኛም ንብ መፍራት የተውነው በሱ ወሬ ነው። እግሩ እስኪጠግንለትም ልጆቹ ያጫውቱታል።

ትዕግሥቴ፣ ጥር ላይ እኔ ሳልኖር ልትዳሪ ነው። ወረቀቴ ቢያልቅ ኖሮ ማን ያስቀረኝ ነበር? ሰው የፈለገውን ይበል፤ አንቺ ብቻ እንዳይከፋሽ። ጠጁ ከአባዬ ማር ይጣል። አደይ ፈንድቶ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ጭሱ ልብሳችን ላይ የሚቀረው ነገር ክፉኛ ናፍቆኛል። እዚህ ያለው ማር ማር አይለኝም።

ለእማዬ ቀሚስ በሰው እልካለሁ። የልጆቹን ጭፈራ በቪዲዮ ላኪልኝ፤ ለኔዎቹ አሳያቸዋለሁ።

እህትሽ